ሌባው ኮዱን ለምን ይፈልጋል?

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኞች በሙከራ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ላይ ነው። ከባቡር ጋር የተወለደችው ከተማ ያን ጊዜም አዲስ ነገር ለመቀበል ቀደመች። በስልክ ገንዘብ መላኪያው ቴሌብር ከዚያ በፊት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ በከተማዋ ቀፊራ ላይ ቲማቲም የሚሸጡ እናት፣ ከዚራ ላይ ተሳፋሪ የሚያወርድ የባጃጅ ሹፌር፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ቀፎ የሚሸጥ ወጣት ሒሳባቸውን በስልክ መቀበል ይችላሉ። ገንዘቡ ወደ ስልክ ሲገባ ሌባውም ተከትሎ ገባ።

"ሀክ ተደረግሁ" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በኮምፒዩተር የተራቀቀ ሰው የምስጢር መቆለፊያ ሲሰብር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚሰበር ነገር የለም። ስልክ ይጠራል። ትሑት ድምፅ "ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን የሚገባልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ" ይላል። አንዳንዴም "ዕጣ ወጥቶልዎታል" ይላል። ባለቤቱም ቁጥሩን ራሱ ያነብለታል።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

ባንኩም ሆነ ቴሌግራም እርስዎን በዓይን አያይዎትም። የሚያየው ከአንድ ስልክ የመጣ ጥያቄን ብቻ ነው። ስለዚህ ማንነትዎን በሚያውቁት የምስጢር ቁጥር፣ በእጅዎ ባለው ሲም ካርድ ወይም በሁለቱም ይለያል። ሲሙ በእጅዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ኮምፒዩተሩ በዘፈቀደ አንድ ቁጥር ያወጣና በአጭር መልእክት ይልካል፤ ለጥቂት ደቂቃም ይጠብቃል። ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ 1,000,000 ዓይነት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጊዜ ብቻ መሞከር ስለሚፈቀድ በግምት ማግኘት የማይታሰብ ነው። ለሌባው የቀረው ቀላሉ መንገድ እርስዎን መጠየቅ ነው።

ኮዱ እርስዎ ሳይጠይቁ የሚመጣውም ሌባው ስለጠየቀ ነው። ደዋዩ በዚያችው ቅጽበት የእርስዎን ስልክ ቁጥር በራሱ ቀፎ ላይ አስገብቷል። ኮዱን ያወጣው ድርጅት ግን ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ከእርስዎ የሚሰማበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ በስልክ ደውሎ ኮድ የሚጠይቅ ሰው፣ ስሙን ማንም ቢለው፣ ሌባ ነው።

በቴሌግራም የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ሌባው መተግበሪያውን ይጭናል፣ ቁጥርዎን ይጽፋል፣ የመጣውን ኮድ ከእርስዎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ስምዎ፣ ፎቶዎና የቆየ ጨዋታዎ በእጁ ነው። ጅቡቲ ላለው ወንድምዎ፣ አረብ አገር ላለች እህትዎ "ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነው፤ በዚህ ቁጥር ላኩልኝ" ብሎ ይጽፋል። እነሱም ይልካሉ። ድሬ ሰው ቶሎ የሚተዛዘንባት፣ ለጎረቤት ኪሱን የሚፈታባት ከተማ ናት። ሌባው የሚነግደው በዚህ ደግነት ነው። ደግነቱን መተው አያስፈልግም። ብር ከመላክ በፊት ደውሎ ድምፅ መስማት ግን ያስፈልጋል።

የቴሌግራም መከላከያው በሴቲንግ ውስጥ ይገኛል። "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ሥር ያለው "ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ሲበራ፣ ኮዱን ያገኘ ሰው እንኳ እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። "ዲቫይስስ" የሚለው ደግሞ አካውንትዎ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያሳያል፤ የማያውቁትን ከዚያው ያስወጣሉ።

ሌሎች ቀዳዳዎች

አንዳንዱ ሌባ ኮዱን አይጠይቅም፤ "ኔትወርክዎን ለማስተካከል" በሚል *21* ብሎ የሚጀምር ቁጥር እንዲደውሉ ያደርጋል። ይህ ወደ እርስዎ የሚመጣ ጥሪን ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር የቆየ የሞባይል ትእዛዝ ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ኮድ በድምፅ ጥሪ ስለሚናገሩ ጥሪው በቀጥታ ለሌባው ይደርሳል። ##002# ብሎ መደወል ማዞሪያውን ሁሉ ያጠፋል።

ሌላው ቀዳዳ ስልክ ሲገዛ የሚፈጠር ነው። ሻጩ ለደንበኛው በራሱ እጅ ጂሜይል ይከፍትለታል፤ ደንበኛውም የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጂሜይል ግን የሌሎች አካውንቶች ሥር ነው፤ የፌስቡክ የይለፍ ቃል ሲጠፋ መቀየሪያው ወደዚያ ሊላክ ይችላል። ሻጩ ቅን ሰው ቢሆንም፣ ስልኩ በተበላሸ ቀን ፎቶውም አድራሻውም አብሮ ይቀራል። የይለፍ ቃሉን ያን ዕለት በራስ እጅ መቀየር ይገባል።

የምስጢር ቁጥር አመራረጥም ስሌት አለው። ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 10,000 ምርጫ አለው። የትውልድ ዓመት ከሆነ ግን ከ1930 እስከ 2000 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት 71 ብቻ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ልደትዎን ላየ ሰው ደግሞ ምርጫው ወደ አንድ ይወርዳል።

ነጋዴዎች የከፋዩን ስክሪንሾት እንደ ደረሰኝ አይቁጠሩት። ፎቶ ላይ የገንዘብ መጠንና ስም መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አጭር መልእክትም የባንክ ስም አስመስሎ ሊላክ ይችላል። ዕቃው ከመውጣቱ በፊት የራስን ሒሳብ ከፍቶ ቀሪውን ማየት ይሻላል።

ሕጉስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና የመልእክት ልውውጥን ያስከብራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሌላ ሰው ሲስተም ያለ ፈቃድ መግባትን ያስቀጣል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ግዴታውን ወደ ድርጅቶቹ አዞረ። መረጃዎን የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚሰበስብ ማሳወቅ፣ በአግባቡም መጠበቅ አለበት። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የመታወቂያ ኮፒ ሲጠየቁ "ለምን?" ማለት መብትዎ ነው። የፋይዳ መታወቂያን ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ግን ሕጉ የሰጠዎትን ከለላ በገዛ እጅ ማፍረስ ነው።

ኮዱን አስቀድመው ከሰጡ በማፈር ጊዜ አያጥፉ። በመጀመሪያ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ቴሌኮሙ ይፋዊ ቁጥር ደውለው ሒሳቡን ያሳግዱ፤ ለዘመድ ወዳጅ ያሳውቁ፤ ከዚያ ለፖሊስ ያመልክቱ። የመጡትን መልእክቶች አያጥፏቸው፤ ማስረጃ ናቸው።

በየቤቱ ስልክ የሚችል ወጣት አለ። ዛሬ ማታ በእናቱ ቴሌግራም ላይ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያስገባላት፤ ግን "ኮድ አትስጪ" ብሎ ብቻ አይለፋት፤ ምክንያቱን ያስረዳት። ሌባው የሚያወራውን ታሪክ በየወሩ ይለውጣል። የሚፈልገው ኮድ ግን ያው ነው። ለምን እንደሚፈልገው የገባት እናት የነገውን አዲስ ታሪክም ሰምታ ስልኩን ትዘጋለች።