የፋብሪካው ሣጥንና የእንጦጦ ጉልላት

ስለ ሥነ ፈለክ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስለ ቴሌስኮፑ መስተዋት፣ ስለ ሊቃውንቱና ስለ ተገኘው ኮከብ ነው። ጉልላቱን ማን ይከፍተዋል? ዝናብ ሲመጣስ ማን ይዘጋዋል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የአንድ ኦብዘርቫቶሪ ዕድሜ ግን በእጅጉ የተመሠረተው ተራ በሚመስለው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከቶሮንቶ በስተሰሜን፣ ሪችመንድ ሂል የሚገኘው የዴቪድ ደንላፕ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲከፈት፣ 1.88 ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፑ በዓለም በትልቅነቱ ሁለተኛ ነበር። ይሁን እንጂ ከተማው እየሰፋ መብራቱም ሰማዩን እያደበዘዘው ስለ መጣ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ቦታውን ሸጠው። የከተማ ብርሃን ቴሌስኮፕን ወደ ሩቅ ተራራ ይገፋዋል፤ በተራራው ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሊጠብቀው ይቸገራል። ካናዳ ከፈረንሳይና ከሃዋይ ጋር በማውና ኬያ ተራራ ላይ፣ በ4,200 ሜትር ከፍታ ያቆመችው ባለ 3.6 ሜትር ቴሌስኮፕ ከ2011 ጀምሮ ሌሊት ማንም ሰው አጠገቡ ሳይኖር ይሠራል። ባለሙያው የሚያዘው ከታች፣ ከዋይሜያ ከተማ ሆኖ ነው።

ማንም በሌለበት ጉልላቱን የሚጠብቅ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በብዙ ኦብዘርቫቶሪዎች የሚያገለግለው መሣሪያ የመጣው ከሥነ ፈለክ ሳይሆን ከመኪና ፋብሪካ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞዴል በለወጠ ቁጥር የሪሌዎችን ሽቦ እንደገና መዘርጋት ቢሰለቸው፣ በ1968 ሽቦ ሳይነካ ትእዛዙ ብቻ የሚለወጥ መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን ሠሩ። ዛሬ ፒ.ኤል.ሲ. የምንለው ፕሮግራማብል ሎጂክ ኮንትሮለር በዚህ መንገድ ተወለደ።

ሥራው ሦስት ነው፤ ያነባል፣ ያገናዝባል፣ ያዛል። የዝናቡ ሴንሰር ረጥቧል? ነፋሱ ከተወሰነው ልክ አልፏል? መብራት ጠፍቷል? ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ጉልላቱን ዝጋ! ይህንን ዙር በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ ሌት ተቀን ይደጋግመዋል። ዋናው ኮምፒውተር በየጊዜው «አለሁ» ካላለው፣ ሞቷል ብሎ ይቆጥርና በራሱ ሥልጣን ይዘጋል። ኮከቡን መፈለግና ምስሉን መተንተን የኮምፒውተሩ ድርሻ ነው፤ ፒ.ኤል.ሲ.ው ዘበኛው ነው። አቧራና ንዝረት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ስለሆነም በቀላሉ አይንበረከክም። በቺሊ ባለ 39 ሜትሩን ግዙፍ ቴሌስኮፕ የሚገነባው የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ሳይቀር፣ ለመሣሪያዎቹ ከገበያ የሚገዛ ፒ.ኤል.ሲ. መርጧል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ብልህ ተማሪ በእጁ የሠራው ኤሌክትሮኒክስ ርካሽ ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ግን ምስጢሩም አብሮት ይሄዳል። ፒ.ኤል.ሲ. ግን መለዋወጫው በየሀገሩ ይሸጣል፤ ፕሮግራሙንም የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ በ2015 የተመረቀው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ከሥሩ የከተማው መብራት አለ፤ ከበላዩ የክረምቱ ደመናና በረዶ። በላሊበላ አካባቢም ከዚህ የላቀ ማዕከል ለማቋቋም ሲታሰብ ቆይቷል። ታዲያ እነዚህን ጉልላቶች ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ማን ይጠግናቸዋል? ለእያንዳንዱ ብልሽት ከውጭ ባለሙያ የምናስመጣ ከሆነ፣ መሣሪያው የኛ ነው ማለት ያስቸግራል።

ደስ የሚለው፣ ሙያው ከእኛ ዘንድ አለ። የሲሚንቶና የቢራ ፋብሪካዎቻችን የሚንቀሳቀሱት በዚሁ ሣጥን ነው። በዚህ በቶሮንቶ ዙሪያም በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይህንኑ ሣጥን የሚጠግኑ ወገኖች አሉን። ስለ ሕዋ ሳይንስ በተሰበሰብን ቁጥር የምንጋብዘው ዶክተሮቹን ብቻ ነው። ቴክኒሽያኑም ወንበር ይሰጠው፤ ለእንጦጦ ወጣቶች የሚያስተምረው አያጣም።