የግራር ሥርና ባክቴሪያ
በግራር ችግኝ ሥር ላይ የሚታዩት ትናንሽ እባጮች በሽታ አይደሉም። ራይዞቢያ የሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በእነዚህ ውስጥ ነው። የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ለውጠው ለተክሉ ይሰጣሉ፤ በምትኩ ስኳር ያገኛሉ። አንዱ እባጭ በምላጭ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራው እየተካሄደ ነው፤ ቅላቱ የደም ሄሞግሎቢን ዘመድ ከሆነ ብረት አዘል ፕሮቲን የመጣ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ግን ተክሉ ከእባጩ ብዙም አያገኝም።

ዘሩን በማብቀል ረገድ የራይዞቢያ ድርሻ አነስተኛ ነው፤ ጠንካራው የግራር ዘር ሽፋን ውሃ እንዲያስገባ በችግኝ ጣቢያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። በሥር ዙሪያ የሚኖሩት ባሲለስና ሱዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ግን ኦክሲንን የመሰሉ የእድገት ሆርሞኖች ስለሚያመነጩ የአንዳንድ ዕፅዋትን ብቅለት ያፋጥናሉ። ኦክሲን ከልክ ሲያልፍ በአንጻሩ የሥሩን እድገት ይገታል።