ተዛማጅ ሰንጠረዦችና የትምህርት ቤት መዝገብ

1. የችግሩ መነሻ

አንድ ተማሪ በዓመቱ አጋማሽ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ተዛውሮ ትምህርቱን ቢቀጥል፣ ስሙ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ሮስተር ሳይሰረዝ በአዲሱም ትምህርት ቤት መዝገብ ሊገባ ይችላል። በዚህን ጊዜ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ሲደመር አንዱ ልጅ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በአንጻሩ ደግሞ መሸኛውን ይዞ ከወጣ በኋላ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ ከሁለቱም መዝገብ ይጠፋል፤ የሚፈልገውም አይኖርም። የመጻሕፍት ሥርጭት፣ የመምህራን ምደባና የመማሪያ ክፍሎች ግንባታ የሚታቀዱት በተማሪ ቁጥር መሠረት ስለሆነ፣ በመዝገብ ላይ የሚፈጠር ስሕተት በመጨረሻ የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ መምህራንና የዕቅድ ባለሙያዎች መረጃ እንዴት ሊደራጅ እንደሚገባው ማወቃቸው ተገቢ ይሆናል።

2. የተዛማጅ ሰንጠረዦች ሐሳብ

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የመረጃ አደረጃጀት «ተዛማጅ የመረጃ ቋት» ይባላል። ሐሳቡን በ1970 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያቀረበው በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ተመራማሪ የነበረው ትውልደ እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ማንኛውም መረጃ ረድፍና ዓምድ ባላቸው ሰንጠረዦች ይቀመጣል። እያንዳንዱ ሰንጠረዥ ስለ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ይናገራል፤ እያንዳንዱም ረድፍ ከሌላው የሚለይበት «መለያ ቁልፍ» ይኖረዋል። በሁለት ሰንጠረዦች መካከል ያለው ዝምድና የሚታወቀው የአንዱ ቁልፍ በሌላው ውስጥ በመጠቀሱ ነው።

ይህም ለትምህርት ቤት ሲተረጐም አራት ሰንጠረዦች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ እነርሱም ተማሪ፣ ትምህርት ቤት፣ ከተማና ምዝገባ ናቸው። የተማሪው ስም፣ ጾታና የትውልድ ቀን በመጀመሪያው ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። «ምዝገባ» የሚባለው ደግሞ የተማሪውን ቁጥር፣ የትምህርት ቤቱን ቁጥር፣ ዓመቱን፣ የክፍል ደረጃውን፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይይዛል። እንግዲህ ተማሪው በተዛወረ ጊዜ የቀድሞው ምዝገባ ረድፍ በወጣበት ቀን ይዘጋል፤ በዚያው የተማሪ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይከፈታል፤ ልጁ ግን ያው አንድ ልጅ ሆኖ ይኖራል።

3. ስም ስለምን ቁልፍ አይሆንም?

በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ፣ በአንድ ክፍል እንኳ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ልጆች ይገኛሉ። ከዚህም በላይ በአማርኛ ፊደል አንድ ድምፅ በተለያዩ ሆሄያት ይጻፋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሐሰን» እና «ሀሰንም» እንዲሁ። ስለዚህ ከትርጉም ነጻ የሆነ፣ ተማሪው ከመጀመሪያ ክፍል እስከ መጨረሻ የሚይዘው የማይለወጥ ቁጥር ቁልፍ መሆን ይገባዋል።

4. አንድ ነገር በአንድ ቦታ

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ወልቂጤና ቡታጅራ ከቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ወጥተው ወደ አዲሱ ክልል ገቡ፤ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። የዞኑና የክልሉ ስም በእያንዳንዱ ተማሪ ረድፍ ላይ የሚጻፍ ቢሆን ኖሮ በሺህ የሚቆጠሩ ረድፎችን ማረም ያስፈልጋል፤ ጥቂቱ ሳይታረም ከቀረ አንዲት ከተማ በሁለት ክልል ትገኛለች። በከተማ ሰንጠረዥ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን የሚታረመው ለየከተማው አንድ ረድፍ ነው።

5. መጠይቅ

ከሰንጠረዦች መልስ የሚገኝበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል። መሠረቱን በ1974 እ.ኤ.አ. የጣሉት የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ናቸው። ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገራል እንጂ ኮምፒዩተሩ መልሱን በምን መንገድ እንደሚያገኝ አይዘረዝርም። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተር የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በድምፃቸው ቀርበዋል።

ሲለክት ት.ስም፣ ካውንት(ም.ተማሪ)
ፍሮም ምዝገባ ም ጆይን ትምህርት_ቤት ት ኦን ም.ትቤት = ት.ቁጥር
ዌር ም.ዓመት = 2016 ኤንድ ም.የወጣበት_ቀን ኢዝ ነል
ግሩፕ ባይ ት.ቁጥር፣ ት.ስም

«ጆይን» ሁለቱን ሰንጠረዦች በቁልፋቸው ያጣምራል፤ «ዌር» በዓመቱ ተመዝግበው ያልወጡትን ብቻ ይለያል፤ «ግሩፕ ባይ» በየትምህርት ቤቱ ይመድባል፤ «ካውንት» ይቈጥራል። የተዛወረው ተማሪ የቀድሞ ረድፉ ስለ ተዘጋ የሚቈጠረው በአዲሱ ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

«ሌፍት ጆይን» የሚባለው ደግሞ ተጣማሪ ያላገኘውን ረድፍ ጭምር ያሳያል። ተዛውረው የወጡት ተማሪዎች ከኋለኛ ምዝገባቸው ጋር በዚህ መንገድ ሲጣመሩ፣ በአንዳንዱ ተማሪ ፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህም መሸኛ ይዞ ወጥቶ የትም ያልገባው ልጅ ነው፤ ርዕሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊፈልጉት የሚገባቸውም እርሱን ነው።

6. ባዶና ዜሮ

«ነል» ማለት መረጃው የለም ማለት እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። ከሦስት ተማሪዎች አንዱ 60፣ ሌላው 80 ቢያገኝ፣ ሦስተኛው ግን ታሞ ባይፈተን፣ ቦታው ባዶ ከተተወ አማካዩ 70 ይሆናል፤ ዜሮ ከተሞላ ግን ወደ 46.7 ይወርዳል። መምህሩ ሮስተሩን በሚሞላበት ጊዜ ይህን ልዩነት መጠበቅ ይኖርበታል። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር የተሠራ የቀን ዓምድ አሥራ ሦስተኛውን ወር ጳጉሜን አይቀበልም፤ የእኛን ዓመተ ምሕረት እንዳለ ከተቀበለ ደግሞ ልጁን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

7. የቡታጅራ ልምድ

ሰዎችን ለረጅም ጊዜ በመዝገብ የመከታተል ሥራ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያቋቋመው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍልሰትን ይመዘግብ ነበር። ሰው ከቤት ወደ ቤት በሚዛወርበት አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሳካው ቤቱ፣ ቤተሰቡና ግለሰቡ ተለይተው ሲታወቁ ነው። የትምህርት ቤት መዝገብም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

8. ማጠቃለያ

ይህን ሥርዓት ለመጀመር ኮምፒዩተር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። ቋሚ የተማሪ ቁጥር መስጠት፣ መዛወርን በቀኑ መመዝገብ፣ ያልታወቀውን ባዶ መተው በወረቀት መዝገብም ይቻላል። መዝገቡ በዚህ መልክ ከተያዘ፣ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበት ቀን ሲደርስ ሥራው መገልበጥ ብቻ ይሆናል፤ ካልተያዘ ግን ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን በፍጥነት ከማባዛት በቀር የሚፈይደው የለም።