ከቁጥሩ ጭራ ላይ ያለችው ፊደል

«ዋናው ቁጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል የፋብሪካው ጌጥ ናት።» ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም።

እንበል፣ ከመቂ የሽንኩርት ማሳ የመጣ ባለ 48 ቮልት የሶላር መቆጣጠሪያ አዳማ ላይ ተፈታ። የተቃጠለው ትራንዚስተር «ቲአይፒ31ሲ» ይላል። ጠጋኙ መርካቶ ለሚሄድ ሰው ቁራጭ ወረቀት ላይ «ቲአይፒ31» ብሎ ጽፎ ሰጠው። የመጣው ዕቃ ቁመናው ያው፣ እግሩም ሦስት፤ ብየዳውም አማረ። ነገር ግን ፊደል የሌለው ቲአይፒ31 የሚችለው 40 ቮልት ነው። ኤ ሲጨመርበት 60፣ ቢ 80፣ ሲ 100 ይሆናል። 48 ቮልት የሚባለው ባትሪ ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ከ50 ያልፋል። ማታ የተረከቡት ዕቃ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል፤ ጥፋቱም «የቻይና ዕቃ» ተብሎ ይታለፋል።

በዚህ የተቃጠለ ሰው «እንግዲህ ሁልጊዜ ሲ ነው የሚሻለው» ይላል። ይህም ተረት ነው። ቢሲ547 በሚባለው ትራንዚስተር ላይ ፊደሎቹ ስለ ቮልት አንዳች አይናገሩም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሁሉም 45 ቮልት ናቸው። የሚለያዩት በማጉላት አቅማቸው ነው፦ ኤ ከ110 እስከ 220 እጥፍ፣ ሲ ከ420 እስከ 800። ቲኤል431 በሚባለው የቮልት መቆጣጠሪያ ላይ ደግሞ ፊደሏ የምትነግረን የቮልቱን የስህተት መጠን ነው።

አንዳንዴ ፊደሏ የቅርጽ ጉዳይ ብቻ ናት። ቅርጽም ግን ያስለቅሳል። ኤልኤም358 መጨረሻው ዲ ከሆነ የሚመጣው ምስር የሚያክል፣ ቦርድ ላይ ተለጥፎ የሚበየድ አይሲ ነው። ፕሮጀክት ለማስረከብ ሁለት ቀን የቀረው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለቀዳዳ ቦርዱን ይዞ ምን ያድርገው? ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው አምራች ፒ፣ ኤስቲ የተባለው ግን ኤን ይለዋል። ፒ ጠፍቶ ኤን ከተገኘ ይወሰዳል።

«ስምጥ ሸለቆ ስለሆንን ለወታደር የተሠራውን ካልገዛን አይበረክትም» የሚሉም አሉ። ተራው ኤልኤም358 እስከ 70 ዲግሪ፣ ውዱ የወታደር ኤልኤም158 እስከ 125 ይችላል። የአዳማ አየር ግን 70 አይደርስም፤ የመተሐራም ቢሆን። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ዝግ የቆርቆሮ ሳጥን ነው የሚያሰጋው፤ ለእሱም ቢሆን ውድ አይሲ ከመግዛት ሳጥኑን ጥላ ውስጥ መስቀልና መተንፈሻ መብሳት ይቀድማል።

የተቃጠለውን ዕቃ ሳትጥሉ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ በጨርቅ ጥረጉት፤ ከቁጥሩ በኋላ ያለው ሁሉ እስኪነበብ አቅርባችሁ በስልክ አንሱትና ፎቶውን ለሻጩ ላኩለት።