ካልሲየሙ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው

ኩላሊት ሲደክም ፎስፈረስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ቆዳን ያሳክካል፣ አጥንትን ያዳክማል፣ የደም ሥርን ያደድራል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ካልሲየም ካርቦኔት የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ታካሚው ግን “የአጥንት መድኃኒት” ነው ብሎ ማታ ሊተኛ ሲል በባዶ ሆዱ ይውጠዋል።

ክኒኑ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ከምግቡ የወጣውን ፎስፈረስ ይይዝና በሰገራ ያስወጣዋል። ስለዚህ እየበሉ መውሰድ ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ የሚይዘው ነገር የለም፤ ካልሲየሙ ወደ ደም ይገባል፣ ሲበዛም ድርቀት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም መቃዠት ያመጣል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰውስ? ቁርስ ካልበላ የቁርሱን ክኒን አይወስድም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ደርቦ አይውጥም። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ቢያማክር ግን መጠኑ በሚበላባቸው ሰዓቶች ይደለደልለታል።

ካርቶኑን ልብ ብሎ ማንበብም ደግ ነው፦ 1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ውስጥ ያለው ንጹሕ ካልሲየም 500 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

ከብረት ክኒን ጋር አብሮ አይዋጥም፣ ብረቱ እንዳይሰርግ ያደርጋልና። የእንቅርት መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ደግሞ በትንሹ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። የባክቴሪያ መድኃኒቱ ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘለትም ፋርማሲስቱን ሰዓቱን ይጠይቅ።