የክረምት ዕረፍትና የልጆቻችን ትምህርት

የሰኔ ፈተና አልቆ፥ የውጤት ካርድ ታድሎ፥ የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ፥ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም «ይህ ልጅ እስከ መስከረም ድረስ ምን ሲሠራ ይከርም?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ዓመቱን ሙሉ ሲደክም ቆይቷል፤ አሁንስ ይረፍ» ብሎ ልጁን ለቴሌቪዥንና ለእጅ ስልክ ይተወዋል። ሌላው ወገን ደግሞ «ሥራ የፈታ ልጅ ይበላሻል» በማለት ማልዶ ቀስቅሶ ደብተር ከፊቱ ይዘረጋለታል፤ ቤቱንም ሁለተኛ ትምህርት ቤት ያደርግበታል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። የፊተኛው ልጁን የተማረውን ያስረሳዋል፤ የኋለኛው የመማርን ፍቅር ከልቡ ያወጣበታል። ከሁለቱ ጉዳት የትኛው ይከፋል ብባል የኋለኛው እላለሁ። የተረሳ ማባዛት በጥቅምት ወር ሊመለስ ይችላል፤ የተጠላ ትምህርት ግን ቶሎ አይመለስምና ነው።

ይህን የምለው በሌላው ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ስሕተቱን ራሴ ስለ ሠራሁት ነው። ሥራ በያዝሁበት በመጀመሪያው ክረምት ከእኅቴ ጋር በአንድ ግቢ እኖር ነበርና፥ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረውን ልጇን እንዳስጠናው አደራ ሰጠችኝ። እኔም የመሥሪያ ቤት ደንብ ገና አዲስ ሆኖብኝ ስለ ነበረ፥ በትልቅ ወረቀት ላይ መርሐ ግብር አዘጋጅቼ በግድግዳ ለጠፍሁ። ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ማባዛት፥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የእንግሊዝኛ ቃላት፥ ቅዳሜ ፈተና የሚል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ልጁ ኮቴዬን ሰምቶ አልጋ ሥር ገባ። እናቱ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ በፊት እየሮጠ መጥቶ በር የሚከፍትልኝ እርሱ ነበር።

ረጅም ዕረፍት ትምህርትን ማስረሳቱ የወላጅ ሥጋት ብቻ አይደለም፤ ሊቃውንትም መርምረውታል። በአሜሪካ አገር ሐሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ከዚያ በፊት የተደረጉ 39 ጥናቶችን ሰብስበው ተመልክተዋል። ተማሪዎች ከረጅሙ ዕረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው እንደሚገኙ፥ ጉዳቱም ከንባብ ይልቅ በሒሳብ እንደሚበረታ ገለጹ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች በመጠኑ ላይ ቢከራከሩም፥ ያልተሠራበት ዕውቀት እንደሚዝግ እያንዳንዳችን ከራሳችን እናውቀዋለን።

ለእኛ ይልቁን የሚጠቅመን ሌላ ጥናት ነው። ሪቻርድ አሊንግተን፥ አን ማክጊል ፍራንዘንና ባልደረቦቻቸው ፍሎሪዳ በተባለው የአሜሪካ ግዛት፥ የድኻ ቤተሰብ ልጆች በሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ሕፃናት በየዕረፍቱ 12 መጻሕፍት ያህል እየሰጡ ለሦስት ዓመት ተከታተሏቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ መጻሕፍት የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ይልቅ በንባብ ልቀው ተገኙ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። መጻሕፍቱን የመረጡት መምህራን አልነበሩም፤ ልጆቹ ከቀረበላቸው ብዙ መጽሐፍ መካከል የወደዱትን ራሳቸው አንሥተው ወሰዱ።

እንግዲህ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ልጅ በዕረፍቱ ጊዜ አጥብቆ የሚይዘው የወደደውን፥ ወይም ለአንድ ጉዳይ የሚሠራበትን ትምህርት ነው። የታላቅ ወንድም፥ የአጎትና የአክስት ድርሻ መርሐ ግብር መለጠፍ ሳይሆን፥ ልጁ የጠየቀውን ጥያቄ ሳይንቁ አብሮ መፈለግ ነው።

አልጋ ሥር በገባ ማግሥት ወረቀቱን ከግድግዳ አወረድሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ፥ ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ሲያባራ ልጁ ወደ በረንዳ ወጥቶ፥ «ጋሼ፥ የዛሬው ዝናብ ከትናንቱ ይበልጣል?» ሲል ጠየቀኝ። «እንጃ፤ ከነገ ጀምረን እንለካው» አልሁት። አፉ እስከ ታች እኩል የሆነ ባዶ ቆርቆሮ አመጣን። ከጣራ ጠፈጠፍና ከዛፍ ጥላ ርቆ፥ ነፋስ እንዳይጥለው በድንጋይ ተደግፎ በግቢው መካከል ተቀመጠ። በየማለዳው ልጁ ማስመሪያ እያስገባ የውሃውን ቁመት በሚሊሜትር ይለካል፤ ቀኑንና ልኩን በደብተር ይጽፋል፤ ውሃውንም ይደፋዋል።

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ መሆኑን በነገርሁት ጊዜ ዐይኑ ፈጠጠ። የቤታችን ጣራ 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ 10 ሚሊሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ውሃ ወረደበት ማለት ነው። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 20 ጀሪካን ይሞላል። ማባዛትን ፈርቶ አልጋ ሥር የገባው ልጅ፥ ማንም ሳያዘው የጎረቤቱን ጣራ ጭምር ሊያሰላ ተነሣ።

የክረምቱ ሰማይ ራሱ ብዙ ያስተምራል። መብረቅ ሲበርቅ ብርሃኑ ወዲያውኑ ይታያል፤ ድምፁ ግን በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ፥ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሴኮንድ ቈጥሮ ለሦስት ማካፈል መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ በግምት ያሳውቃል። ነጎድጓድ የሚፈራ ሕፃንም መቍጠር ሲጀምር ፍርሃቱ ይቀንስለታል።

ዝናቡ ልጆችን በቤት ሲያውላቸውም ጨዋታ አይጠፋም። ገበጣ ጠጠር እየዘሩ መቍጠርን፥ አስቀድሞም ማሰብን ያስለምዳል። እንቆቅልሽና ተረት ቋንቋን ያሰፋሉ፤ በተለይም አያት ተርታ ልጁ በራሱ እጅ የጻፈው እንደ ሆነ፥ ንባብም ጽሕፈትም በአንድ ጊዜ ተማረ ማለት ነው። ፊደል ለሚቈጥረው ትንሽ ልጅ 33ቱን ፊደላት በሰባት ረድፍ በካርቶን ቈራርጦ መስጠት ይበቃል፤ ከ231ዱ ቅርጽ መካከል የራሱን፥ የእናቱንና የውሻውን ስም ሲፈልግ ይውላል።

ቡሄም ሲመጣ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። ነሐሴ 13 ቀን ሆያ ሆዬ ብለው የዞሩ ልጆች ያገኙትን ገንዘብ ሲከፋፈሉ የሚያደርጉት ማካፈል ቀሪ ያለው ማካፈል ነው። ቀሪውን ምን እንደሚያደርጉት የሚነሣው ክርክርም ፍትሕን ያስተምራል። ለእንቍጣጣሽ ሥዕል ሥለው የሚያድሉ ልጆች የወረቀትና የቀለም ዋጋ አስቀድመው ቢያሰሉ፥ የመጀመሪያ በጀታቸውን አወጡ ማለት ነው። ታላላቆች ገንዘቡን ቈጥረን እናካፍላችሁ ብለን ካልገባንባቸው ልጆቹ ራሳቸው ይወጡታል።

ስለ መጻሕፍት ያለን ችግር የታወቀ ነው። ሆኖም የሚደረግ አይጠፋም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፥ ቆይቶም በሐዋሳ በአህያ በሚሳብ ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆቹ እንዲሄዱ አድርገዋል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆትም አራት ኪሎ ይገኛል። ልጁን ይዘህ ሂድ፤ መጽሐፉን ግን እርሱ ይምረጥ። ከክፍሉ ዝቅ ያለ ወይም ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ቢያነሣም አትከልክለው። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ከተማ ሦስት አራት ቤተሰቦች ያላቸውን መጻሕፍት ቢለዋወጡ የማይናቅ ነገር ነው። የእጅ ስልኩንም ፈጽሞ መከልከል አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ ስለ ዝናብ የጠየቀውን አብረው ቢያነቡበት ስልክ ጠላት መሆኑ ይቀራል።

ወደ ባላገር ለዕረፍት የምትሄድ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ሆይ፥ አንድ ነገር አደራ ልበልህ። የገበሬው ልጅ በክረምት ሥራ ፈት አይደለም፤ ከብት ይጠብቃል፥ አረም ያርማል። ይህም ራሱ ትምህርት ነውና አትናቅበት። የአረሙን ስም ሁሉ እንዲያስተምርህ ጠይቀው፤ አንተም አንድ መጽሐፍና እርሳስ ይዘህለት ሂድ። አንተ ከእርሱ ለመማር ስትቀመጥ ያየ ልጅ መማር የታላቅ ሰው ሥራ መሆኑን ይረዳል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጊዜ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ልጁ ከመሰልቸቱ በፊት ማቆም፥ ባይፈልግም አለማስገደድ፥ የቀረውንም ጊዜ ለሩጫና ለኳስ መተው ይገባል። እንቍላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ያ የእኅቴ ልጅ ጳጉሜን ሲገባ የመለካቱን ሥራ አልተወም ነበር። ዝርዝሩ ፍጹም አልነበረም፤ አራት ቀን ረስቷል፥ አንድ ቀን ደግሞ ውሻው ቆርቆሮውን ደፍቶበታል። እርሱንም «ውሻው ደፋው» ብሎ በሐቅ ጽፎታል። በማባዛት ከክፍሉ አንደኛ ወጣ ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ማታ ማታ ኮቴዬን ሲሰማ ዳግመኛ እየሮጠ በር ይከፍትልኝ ጀመር፤ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅም የዕለቱን ልክ ይነግረኛል። መስከረም ሲጠባ አስተማሪው የሚረከበው ልጅ እንዲህ ያለ ቢሆን፥ የተረሳውን ማስታወስ ለትምህርት ቤቱ ቀላል ሥራ ይሆንለታል።