ከካራማራ እስከ ኩባ፦ መንግሥታት ተፎካከሩ፣ ልጆች አባት አጡ

ጦርነት ሲነሣ በየራዲዮው ስሙ የሚጠራው የመሪውና የጄኔራሉ ነው። ሲያበቃ ደግሞ የተያዘው ከተማ፣ የተማረከው ታንክና የወደቀው አውሮፕላን ይቆጠራል። አባቱ ከዘመቻ ያልተመለሰለት ልጅ ግን ከድሉ መግለጫም ሆነ ከሽንፈቱ ወሬ ውስጥ ቦታ የለውም። የእሱ ጉዳት የሚታየው ዘግይቶ ነው። ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የአባቱ ሥራ ሲጠየቅ ይታያል። ጎጆ ሊወጣ ሲያስብ ሽማግሌ የሚልክለት ሲያጣ ይታያል። እኅቱ ስትዳር መርቆ የሚሸኛት ሲታጣ ይታያል።

ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ባደረጉት ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆች ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ያለፋቸውም ናቸው። ከእነርሱ መካከል ዕጣ ፈንታቸው በኩባ በኩል አዙሮ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ያደረሳቸው ይገኛሉ። የእነዚህ ልጆች ታሪክ አንድ ነገር በግልጽ ያስተምራል፦ የመንግሥታት ፉክክር ያልፋል፤ የአባት ማጣት ግን አያልፍም።

የእናት አገር ጥሪ

ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ አሰሙ። ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ሰቅሎ፣ ልጆቹን ስሞ ወጣ። አንዱ በፈቃዱ፣ ሌላው የገበሬ ማኅበሩ መርጦ ልኮት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው የታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ከጥቂት ወራት ሥልጠና በኋላም ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ግንባር ተጓዘ። ከነዚህ አባቶች አብዛኞቹ ከተወለዱበት አውራጃ ወጥተው የማያውቁ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ። ጎዴ ተያዘች። ድሬዳዋ ተጠቃች። መስከረም እንደ ጠባ ጅጅጋ ወደቀች። ሐረርም ለወራት በጭንቅ ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ተገኝቶ ጅጅጋ ስትመለስ፣ ከቀናት በኋላ ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ አስታወቁ።

አገሩ የተወረረበት ሕዝብ ነቅሎ መነሣቱ የሚያስወቅሰው አይደለም። በካራማራ የወደቁትም አባቶች ክብራቸው የሚነካ አይሆንም። ሆኖም ልጆቻቸው ሲያድጉ የጠየቁት ጥያቄ አለ፤ መልስ ሊሰጠውም ይገባል። ዳቦ ለማግኘት የሚቸገሩ ሁለት ድሃ አገሮች ያን ሁሉ ታንክና ሚግ ከየት አመጡት?

ጌቶቹ ቦታ ሲለዋወጡ

መልሱ ያለው ከኦጋዴን በረሃ ውጭ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ነበራት፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያም የዚሁ ወዳጅነት ማሰሪያ ነበር። ሶማሊያ በበኩሏ ጦሯን ያሠለጠነላትና ያስታጠቀላት ሶቪየት ኅብረት ሲሆን፣ የበርበራ ወደብ ለሶቪየት መርከቦች ክፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለቱ የወዳጅነት ውል ተፈራርመው ነበር።

ደርግ ወደ ሶሻሊዝም ሲያዘነብል ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1977 መጀመሪያ የካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር ርዳታ ቀነሰ። በሚያዝያ ወር ደርግ ቃኘውን ዘግቶ አሜሪካኖቹን አስወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ፊደል ካስትሮ ሁለቱን መሪዎች ኤደን ላይ አገናኝተው ለማስታረቅ ሞክረው ነበር። ሁለቱም "ሶሻሊስት ነን" ይሉ ስለ ነበር፣ በአንድ ፌዴሬሽን ሥር ይስማማሉ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ።

በኅዳር ወር ዚያድ ባሬ የሶቪየት አማካሪዎችን ከአገራቸው አባረሩ፤ ከኩባም ጋር ግንኙነታቸውን አቋረጡ። ወዲያው የሶቪየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ይጎርፉ ጀመር። ከ10,000 የሚበልጡ የኩባ ወታደሮችም ከኢትዮጵያ ጎን ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አሜሪካ ሶቪየቶች በለቀቁት በበርበራ ወደብ ለመጠቀም ከሶማሊያ ጋር ተፈራረመች።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሲያስቡት ያስደንቃል። ኢትዮጵያዊው አብራሪ አሜሪካ በሰጠችው ኤፍ-5 ተነሥቶ ሶቪየት ሠራሽ ሚግ መትቶ ጣለ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ወገኑ የሆነው እግረኛ በሶቪየት ታንክ ታጅቦ ወደ ካራማራ ወጣ። ኃያላኑ ቤት እንደሚለዋወጡ ተከራዮች ቦታ ተቀያየሩ። በምድር የወደቀው ግን አልተቀየረም፤ በአንድ ወገን የኢትዮጵያ ገበሬ፣ በሌላው ወገን የሶማሌ አርብቶ አደር ልጅ ነበር።

ሞት እኩል አካፈላቸው

የታሪክ ሊቁ ገብሩ ታረቀ በጥናታቸው እንዳሳዩት፣ በዚህ ጦርነት ከሁለቱም ወገን የሞተው ወታደር በየበኩሉ ከ6,000 በላይ ነው። አንዱ አሸነፈ፣ ሌላው ተሸነፈ፤ የሙታኑ ቁጥር ግን እጅግ ተቀራራቢ ሆነ። ይህ የወታደሩ ብቻ ነው። በየመንደሩ ያለቀው ሰላማዊ ሕዝብና ከኦጋዴን ወደ ሶማሊያ የስደተኛ ሰፈሮች የፈለሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልገባበትም። በነዚያ ሰፈሮችም አባት የሌላቸው ልጆች አደጉ። በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት ደግሞ ለኢትዮጵያውያኑ ብቻ ሳይሆን አብረው ለወደቁት ኩባውያንም መታሰቢያ ነው። በሃቫናም አባቱን የሚጠብቅ ልጅ ነበር ማለት ነው።

አባት የሞተላት አገር ልጁን እንዴት አሳደገች?

ደርግ ለወደቁት ወታደሮች ልጆች ማሳደጊያ አቋቁሟል፤ በአላጌ የተከፈተው ሕፃናት አምባ የሚታወቅ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከ2,000 የሚበልጡ ልጆች ባሕር ተሻግረው ወደ ኩባ ተላኩ። ያረፉትም ቀድሞ የጥድ ደሴት በምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት የሚል ስም በወጣላት ምድር ነው። እዚያ ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከናሚቢያ የመጡ ልጆች አብረዋቸው ነበሩ። ግማሽ ቀን ይማራሉ፤ ግማሽ ቀን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ይሠራሉ።

እውነት ለመናገር፣ ኩባ እነዚህን ልጆች በነጻ አስተምራለች። ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ውለታ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ልጅነት በትምህርት ብቻ አይሞላም። አባቱን ጦር ሜዳ የነጠቀው ልጅ፣ ያለችውንም እናት ውቅያኖስ ለየው። አማርኛውን በስፓኝኛ ለወጠ፤ እንጀራውን በሩዝና በጥቁር ባቄላ። የሞተለትን ሰው መልክ በውል ሳያስታውስ "የጀግና ልጅ" እየተባለ አደገ።

ተፎካካሪዎቹ ሁሉ የሄዱበት ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1991 የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በጥር ወር ዚያድ ባሬ ከሞቃዲሾ ሸሹ። በግንቦት ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ። በታኅሣሥ ሶቪየት ኅብረት የምትባል አገር ከካርታ ጠፋች። የጦርነቱ ባለቤቶች ከነፉክክራቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠራርገው ሄዱ።

ልጆቹ ግን ቀሩ። በኩባ የነበሩት የላካቸው መንግሥት የለም፤ የተቀበለቻቸው አገርም የሶቪየት ድጎማ ተቋርጦባት የራሷን ሕዝብ መመገብ አቅቷት ነበር። አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ባደጉበት ቋንቋ የሚያናግራቸው አጡ። አንዳንዶቹ እዚያው ትዳር መሥርተው ቀሩ። ሌሎቹም ሁለተኛ ስደት ወጥተው በየአገሩ ተበተኑ። የአባት ዕዳ ለልጅ ይተርፋል ይባላል፤ እነዚህ ልጆች የከፈሉት ግን የአባታቸውን ሳይሆን የመንግሥታትን ዕዳ ነው።

መርዶ ያልደረሰበት ቤት

በኢትዮጵያ ባህል ሞት ሳይነገር አይቀርም። ዘመድ ወዳጅ ተጠራርቶ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ መርዶ ይነገራል፤ እንባ ይወጣል፤ ድንኳን ይተከላል። በስደት አገርም ቢሆን ይህ ወግ አልተተወም። ጦርነት ግን ይህንንም ይከለክላል። "ሞቷል" የሚል ካልመጣ፣ እናት ማቅ ልልበስ ወይስ ልጠብቅ ብላ ታመነታለች። ልጅም በርቀት የሚመጣ ወታደር ባየ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል።

መጠበቁም እብደት አልነበረም። መንግሥቱና ዚያድ ባሬ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲስማሙ ከ3,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ከሶማሊያ እስር ቤቶች ወጥተው አገራቸው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ አሥራ አንድ ዓመት የታሰረው ዝነኛው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ነበር። በዚያን ቀን የአንዳንዱ ልጅ አባት ከሞት ተነሣ። የሌላው ልጅ ግን የወረዱትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አይቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ። መርዶው ያኔ ነው የደረሰው፤ ያውም ነጋሪ ሳይኖረው።

ዳር ቆሞ ከበሮ ለሚመታ

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ የጦርነት ቃላት ከሁለቱም ወገን ተሰሙ። በታኅሣሥ ወር በቱርክ አደራዳሪነት አንካራ ላይ መግባባት ባይደረስ ኖሮ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ማንም አያውቅም። በነዚያ ወራት በውጭ አገር ሆኖ "ግፋ በለው" ሲል የነበረ ሰው ጥቂት አልነበረም። ልጁ ከአጠገቡ የተኛለት ሰው፣ የሌላውን ልጅ አባት ወደ ግንባር መላክ ይቀለዋል።

በሚኒያፖሊስ፣ በኮሎምበስ፣ በቶሮንቶና በለንደን ኢትዮጵያዊውና ሶማሊያዊው ጎን ለጎን ይኖራሉ። በአንድ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው፣ አባቶቻቸው በካራማራ ግራና ቀኝ የወደቁባቸው ሁለት ጎረቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህ ሁለቱ ከየመንግሥታቱ ቃል አቀባይ ይልቅ ስለ ጦርነት የሚሉት አላቸው፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ከስሜት ባሻገር ሊሠራ የሚችል ነገርም አለ። የያኔው ዘማች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ማን የት እንደ ወደቀ፣ ከየትኛው ጦር ክፍል እንደ ነበረ፣ ማን እንደ ቀበረው የሚያውቀው እሱ ነው። እሱ ሲያልፍ መርዶውም አብሮት ይቀበራል። እያንዳንዱ ማኅበር፣ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አንድ መዝገብ ከፍቶ የወደቁትን አባቶች ስም፣ የትውልድ ቦታና ፎቶግራፍ ቢሰበስብ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። መዝገቡ ለሶማሊያዊው ጎረቤት አባትም ገጽ ቢኖረው ክብር እንጂ ውርደት አይሆንም። ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ግን ሽማግሌው ዘማች ነው፤ ጊዜ ሳያልፍበት ዛሬውኑ ይጠየቅ።